ፔርሙሱ ላይ ያለው ተራራ

ኧረ ቆዩኝ፣ ቆዩኝ እስቲ፣ ሳቄ ይውጣልኝ! ወይ ጎኔ! ሁለት ቀጫጭን ቻይናዎች ጓደኛዬን ዘይነባን በቀርከሃ ወንበር ተሸክመው ተራራ ሲወጡ፣ እሷ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጥላ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ስትል፣ እኔ ከኋላ በሌላ ወንበር ሆኜ እንደ መርካቶ ተሸካሚ «ገለል በሉ! እቃ ነው!» እያልኩ ስጮህ ትዝ ብሎኝ ነው። ይሄ ነገር በመጣብኝ ቁጥር ሱቄ ውስጥ ብቻዬን እንከተከታለሁ፤ መንገደኛው «ሴትዮዋን ነካ አድርጓታል» ብሎ ያልፋል። ይለፍ። የወንበሩን ነገር እደርስበታለሁ፤ ከወንበሩ የሚበልጥም አለኝ፣ እሱን ግን አሁን አላወጣውም። ነጋዴ ጥሩውን እቃ ከባንኮኒ ሥር ነው የሚያስቀምጠው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ያለው ብርድ ልብስ ላይ የተጋደመው ነብር የየት አገር ነብር ነው? ትሪያችሁ ላይ ጭራዋን የዘረጋችው ወፍ ስሟ ማነው? ሳሎናችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ውስጥ ሌት ተቀን የሚወርደው ፏፏቴ ከየት ተነስቶ የት ይገባል? አታውቁም። እኔም አላውቅም ነበር፤ ደግሞ እኮ ሻጯ እኔ ነኝ! እኛ መርካቶዎች ዓለምን በካርቶን እንቀበላለን፣ በዘንቢል እንሸኛለን፤ መሀል ላይ አንዴ እንኳ ገልጠን «አንተ ማነህ?» አንለውም። የምንጠይቀው «በስንት መጣ?» ብቻ ነው።

መሄድ የሚባለውንም ቢሆን ያለ ምክንያት አናውቅበትም። ልቅሶ ለመድረስ እንሄዳለን፣ ታቦት ለመሳለም እንሄዳለን፣ የታመመ ለመጠየቅ፣ እህል ለመሸመት፣ ልጅ ለመዳር እንሄዳለን። ተራራ ለማየት ብቻ ስንቁን ቋጥሮ የወጣ ሰው ቢኖር ጎረቤቱ «ምን ሆኖ ነው? ከሚስቱ ተጣልቶ ነው?» ይላል እንጂ ሊጎበኝ ነው አይልም። ፈረንጅ ሲሆን ግን እናውቀዋለን፦ ጀርባው ላይ ሻንጣ፣ አንገቱ ላይ ካሜራ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ። አንዱ ሱቄ አጠገብ ቆሞ የበርበሬ ጆንያ ፎቶ ሲያነሳ አይቼ «ምስኪን፣ አገሩ በርበሬ የለም» ብዬ አዝኜለት አውቃለሁ። እንግዲህ እግዜር ሲስቅብኝ እኔንም እንደዚያው አደረገኝ። የሰው አገር ሄጄ፣ አፌን ከፍቼ ሽቅብ ሳይ ዋልኩ።

እኔ ብርቄ ነኝ፤ አንዋር መስጊድ ሰፈር የቤት እቃ እሸጣለሁ። ፔርሙስ፣ ሰሃን፣ ብርጭቆ፣ ሳፋ። ትምህርቴ አጭር ነው፣ ምላሴ ረጅም ነው፤ ፈጣሪ አመጣጥኖ ነው የሰጠኝ። ከጎኔ ያለው ሱቅ የዘይነባ ነው። መሀላችን ያለው ግድግዳ ላሜራ ስለሆነ እሷ ስታዛጋ እኔ አፌን እከድናለሁ። እኔ የሸዋ ነኝ፣ እሷ የወሎ። እኔ ስጾም የጾም ምሳዬን ትካፈለኛለች፣ እሷ ስትጾም እኔ ከካርቶን ጀርባ ተደብቄ እበላለሁ። ቀን ደንበኛ ስንቀማማ እንጣላለን፤ ሱቅ ስንዘጋ ተደጋግፈን ወደ ታክሲ እንሄዳለን።

ትልቁ ጠባችን ግን የፔርሙስ ነበር። ዘይነባ ከደሴ ተድራ ስትመጣ እናቷ ከሰጠቻት እቃ ውስጥ አንድ ፔርሙስ ነበረበት። ቀዩ ቀለሙ ተልጧል፣ ክዳኑ ተቀይሯል፣ ውስጡ ግን እስካሁን የጠዋቱን ሻይ ለማታ ያደርሳል። ሆዱ ላይ አንድ ተራራ አለ። ተራራ ስላችሁ እኛ እንደምናውቀው በሬ የሚያርስበት፣ ትከሻው ሰፊ ተራራ አይደለም። እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ገደሉ ላይ ጥድ የበቀለበት፣ ጫፉ ላይ ሁለት ወፎች የሚዞሩበት ነው። ይሄው ሥዕል ዛሬም ይመጣል፤ እኔም እሷም ስንሸጠው ኖረናል። ታዲያ ተራራው አንድ ጉድ አለበት። ወገብ የለውም። ከታች ጥዱ አለ፣ ከላይ ጫፉ አለ፣ መሀሉ ባዶ ነጭ ነው።

የደንበኛ ዓይን ደግሞ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። «እትዬ፣ ይሄ ቀለሙ ለቆ የለም እንዴ?» ይላል። ሌላ አውጥቼ አሳየዋለሁ፤ ያም ያው ነጭ። «ሁሉም ብልሽት ነዋ!» ይላል። ምን አደርጋለሁ፣ «እሺ፣ ስለ ነጩ ቀነስኩልህ» እላለሁ። ይሄኔ ከላሜራው ማዶ የዘይነባ ድምፅ ይመጣል።

«አንቺ! ብልሽት አይደለም አላልኩሽም? ጉም ነው!»

«የምን ጉም?»

«ጉም ነዋ! የደሴን ተራራ፣ ጦሳን፣ በጠዋት አላየሽው። ወገቡን ጉም ይታጠቅና ጫፉ ብቻውን ሰማይ ላይ ይቀራል።»

«ቀለም ቆጥበው ነው እንጂ! ጉም ቢሆን ሠዓሊው እስኪገልጥለት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም?»

«ጉሙን ወዶትስ ቢሆን?»

«ጉም የወደደ ሰው እስካሁን አልሰማሁም!»

ይሄ ክርክር እኛ ተራ እንደ ሰዓት ነበር፤ ሲጀመር ጎረቤቱ ምሳ መድረሱን ያውቃል።

ዘንድሮ የዘይነባ ጉልበት እምቢ አለ። ደረጃ ሲሆን ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ «አብሽሪ፣ መጣሁ» ትላለች፣ አትመጣም። አንድ ቀን ላሜራውን መታ መታ አድርጋ ጠራችኝ። ስሄድ የእናቷን ፔርሙስ ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች።

«ብርቄ፣ ሱቁን ለልጄ ለሰዓዳ ልለቅ ነው። የዘንድሮው የእቃ ግዢ የመጨረሻ መንገዴ ነው» አለችኝ።

ለመቀለድ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ዘጋሁት።

«እናቴ ይሄን ስትሰጠኝ፣ ይሄ አገር የት ነው አልኳት። አንቺ ሄደሽ አይተሽ ትነግሪኛለሽ አለችኝ። እሷም ሳልነግራት ሞተች። ቻይና ስንት ጊዜ ተመላለስን፤ ከመጋዘን ሆቴል፣ ከሆቴል መጋዘን። አሁን ግን በዓይኔ ሳላየው ቤት አልቀመጥም።»

«ባይኖርስ? እንዲያው ዝም ብሎ ሥዕል ቢሆንስ?»

«አለ። ነጩም ጉም ነው። ጉም ከሆነ ደግሞ ዕድሜሽን ሙሉ ስለ ነጩ ብለሽ ዋጋ አትቀንሺም። ቃል?»

«የቀለም ቁጠባ ከሆነስ?»

«እኔ ራሴ ሱቅሽ በር ላይ ቆሜ ብልሽት ነው እያልኩ እጣራለሁ።»

እጅ ተማታን። መርካቶ ወረቀት ይቀደዳል፤ እጅ ከተመታ ግን ወደ ኋላ የለም።

ቻይና ስንሄድ የሚያስተረጉምልን ሱራፌል የሚባል የሰባተኛ ሰፈር ልጅ አለ። እዚያው ከርሞ ቋንቋቸውን እንደ ቆሎ ይቆረጥመዋል። ቻይና እንደደረስን እሱን ይዘን ፔርሙሱ የሚሠራበት ፋብሪካ ገባን። ባለቤቷ እንደኔ ሞላ ያለች፣ እንደኔ ሳቅ የሚቀድማት ሴት ናት፤ ሱራፌል ማዳም ሊን ይላታል። ወንበር ስባ አስቀመጠችን፣ ሙቅ ውሃ አቀረበችልን። እኔ ፔርሙሱን ጠረጴዛዋ ላይ ዷ አድርጌ አቆምኩት።

«ንገራት» አልኩት ሱራፌልን። «እቃሽ ጥሩ ነው፣ ሙቀት ይይዛል፤ ግን ተራራሽ ወገብ የለውምና ገበያዬን ገደልሽው በላት። መሀሉን ቀለም ትሙላልኝ፤ አረንጓዴም ይሁን ሰማያዊ ግድ የለኝም።»

ሱራፌል አየኝ። «እትዬ ብርቄ፣ የእውነት ይሄን ልበላት?»

«በላት! ምን ያሳፍርሃል፣ ያንተ ተራራ ነው?»

ነገራት። ሴትዮዋ ፔርሙሱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፔርሙሱን አየች። ከዚያ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። እንዴት ያለ ሳቅ መሰላችሁ! ዘይነባ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። ሴትዮዋ ዓይኗን ጠርጋ አንድ ነገር ተናገረች፣ ሱራፌልም፦

«ነገ ንግድ የለም ትላለች። ወገቡን ራሴ ወስጄ አሳያቸዋለሁ ትላለች» አለን።

«አለ ማለት ነው?» አለች ዘይነባ። ድምጿ የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆነ።

በነጋታው ፈጣን በሚሉት ባቡር ተሳፈርን። መስኮቱ ላይ ሩዝ ማሳው፣ የቀርከሃ ጫካው፣ ኩሬ ውስጥ የሚዋኘው ዳክዬ ሁሉ ተሰልፎ ወደ ኋላ ይሮጣል። ማዳም ሊን የማታቀርብልን የለም፤ እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ ዘይነባ ሐላል መሆኑን ያላወቀችውን ሥጋ አትነካም፤ ሁሉንም እያመሰገንን መለስነው። ሴትዮዋ ግራ ቢገባት ሱራፌልን «እነዚህ ሰዎች ታዲያ በምን ወፈሩ?» ብላ ጠየቀችው። ሻንጣችን ውስጥ ድርቆሽ ነበረን። ከማዳም ሊን ፔርሙስ ሙቅ ውሃ ተቀብለን ድርቆሹን አርሰን፣ ዘይትና በርበሬ አድርገንበት ስንበላ እጇን ሰደደች። እንባዋ እየወረደ ድርሻችንን ጨረሰችብን።

ደግሞ ልንገራችሁ፤ ያ ሁሉ የቻይና ሕዝብ ፔርሙስ ይዞ ይዞራል። ውስጡ ምን ያለ ይመስላችኋል? ባዶ ሙቅ ውሃ! ስኳር የለው፣ ቅጠል የለው። «እናንተስ ምን ትይዙበታላችሁ?» አለች ማዳም ሊን። ሻይ አልን፣ ቡና አልን፣ ለአራስ ደግሞ አጥሚት አልን። ሱራፌል አጥሚትን አስረድቶ ሳይጨርስ ባቡሩ ደረሰ።

ተራራው ሥር ስንደርስ ተራራ የለም። ሰው አለ፣ ባንዲራ አንግባ ሰው የምትነዳ አስጎብኚ አለች፣ ኮፍያ ሻጭ አለ፣ አውቶቡስ ተራን የሚያስንቅ ግርግር አለ፤ ሽቅብ ስታዩ ግን ሰማዩ መሬት ድረስ ወርዷል። ሰው ጭኖ በገመድ የሚንሸራተተው ሳጥን ነፋስ በርትቷል ተብሎ ቆሟል። የቀረው ደረጃው ነው። ከድንጋይ የተጠረበ፣ እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ ነጩ ውስጥ የሚገባ ደረጃ፤ ያዕቆብ በሕልሙ ያየው ዓይነት።

ዘይነባ ደረጃውን አየችው። ጉልበቷን አየችው። ፔርሙሷን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«በቃ ብርቄ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እስከዚህ መድረሴም አንድ ነገር ነው። አንቺ ውጪና አይተሽ ንገሪኝ።»

«እኔ አይቼ ብነግርሽ ታምኚኛለሽ?»

«አላምንሽም።»

«እንግዲያስ!»

ይሄኔ ማዳም ሊን እጇን አጨበጨበች። ሁለት ሁለት ሆነው ሰዎች መጡ፤ በሁለት ረጃጅም ቀርከሃ መሀል ወንበር ታስሯል። መውጣት ያቃተውን እንግዳ በትከሻቸው የሚያወጡ ናቸው። ዘይነባ አንዴ አየቻቸውና ወደ ኋላ ሸሸች።

«ይሄማ ቃሬዛ ነው!»

እውነቷን ነው። እኛ አገር በሁለት እንጨት መሀል ሆኖ በሰው ትከሻ የሚሄደው ወይ የታመመ ነው ወይ የሞተ። ቃሬዛ የሚመጣው ሰው ሲያበቃለት ነው፤ ተራራ ለማየት ብሎ ቃሬዛ ያዘዘ ሰው ከእናንተ መሀል ካለ እጁን ያውጣ።

«በቁሜ ቃሬዛ ላይ አልወጣም! ሟርት ነው! ልጆቼ ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

ሱራፌል ሊያስረዳት ሞከረ። «እትዬ ዘይነባ፣ እዚህ አገር ክብር እኮ ነው። ድሮ ንጉሡ ነበር እንዲህ የሚሄደው።»

«ንጉሡስ የታለ? ሞቷል!» አለችው።

እኔ ግን ተሸካሚዎቹን ነበር የማየው። ትከሻቸው ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ፣ ሲያነሱ እኩል «ሄ!» የሚሏት ነገር፣ ቆመው ሲያርፉ እንኳ ጉልበታቸው አጠፍ ዘርጋ ማለቱ። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ በሱቄ በር የሚያልፉት ናቸው። ዓይናቸው ብቻ ነው የተለየው።

«ዘይኑ» አልኳት፣ «መርካቶ በሰው ትከሻ የሚሄደው ምንድነው?»

«እቃ ነዋ።»

«ሬሳ ሲያልፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«መርካቶ? በዚያ ግርግር ሬሳ ማን ያሳልፈዋል!»

«እንግዲያው ሬሳ አይደለሽም። እቃ ነሽ። አንቺ ካርቶን ነሽ፣ እኔ ሳፋ ነኝ።»

ብዬ ቀድሜ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ቀርከሃው ጮኸ። ተሸካሚዎቹ ተያዩ፤ የኋለኛው አንድ ነገር ተናገረ። «ምን አለ?» ስለው ሱራፌል «ይሄንን አልተረጉምም» አለኝ። ዘይነባ ሳቋ አመለጣት። ሳቋ ካመለጣት ደግሞ ገበያው አለቀ ማለት ነው፤ ፔርሙሷን አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች።

ከዚያማ አትጠይቁኝ። ደረጃው በሰው ተሞልቷል፣ ዘይነባ ከፊት «ያ ረቢ!» ትላለች፣ እኔ እቃ መሆናችንን እንዳትረሳ ብዬ «ገለል በሉ! እቃ ነው! ከባድ ነው!» እያልኩ እጮሃለሁ። የቻይናው ሕዝብ ቃሉ ባይገባውም ነገሩ ገባው፤ ግራና ቀኝ ተከፍሎ አሳለፈን፣ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸን። ትንሽ ቆይቶ የዘይነባ የፊተኛው ተሸካሚ ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ «ገለል በሉ!» አይልም መሰላችሁ! ከዚያ ሁሉም ተቀበሉት። ያ ተራራ ከተፈጠረ መርካቶ ገና ያን ቀን ገባበት።

ሳቄ የቀዘቀዘው አንድ ቦታ ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ የፊተኛው ሰውዬ አንገት ከዓይኔ ሥር ነው፤ ላቡ በጀርባው እንደ ቦይ ይወርዳል። የተሸካሚ አንገት ከኋላ እንዲህ መሆኑን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ነጋዴ ሁልጊዜ ከፊት ቀድሞ ሄዶ በር የሚከፍት ነው። ደልዳላው ቦታ ላይ «አውርደኝ» ብዬ በእግሬ ሄድኩ። ሰውዬው አንድ ነገር አለ፤ እኔን ያመስግን ፈጣሪውን፣ እሱንም ሱራፌል አልተረጎመልኝም።

ከጫፉ በፊት ደግሞ ገደል ላይ የተዘረጋ የመስታወት መተላለፊያ አለ። ሰው ጫማው ላይ ጨርቅ አጥልቆ ነው የሚሄድበት። እኔና ዘይነባ ተነጋግረን እንዳይመስላችሁ፤ እኩል ጎንበስ ብለን ጫማችንን አውልቀን በእጃችን ያዝን። እሷ መስጊድ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን፣ እናቶቻችን ንጹሕ ነገር ላይ በጫማ መውጣት አላስተማሩንም። ከኋላችን የነበሩ ሁለት የቻይና ሽማግሌዎች አዩን፣ አሰቡ፣ እነሱም አወለቁ። ማን ያውቃል፣ ይሄን ጊዜ የዚያ ቦታ ሥርዓት ሆኖ ይሆናል።

ጫፉ ላይ ደረስን። ማዳም ሊን በኩራት እጇን ዘረጋች፤ እዚያ ማዶ ነው አለች። አየን። ነጭ። ከብረት አጥሩ ወዲያ ያለው ሁሉ አንድ ትልቅ አንሶላ።

«አየሽ!» አልኳት ዘይነባን። «ወገቡን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ ምንም ቀለም አልነካውም!»

አልሳቀችም። ፔርሙሷን ድንጋይ ላይ አቁማ፣ አጥሩን ይዛ ቆመች። ቆየን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማዳም ሊን ሰዓቷን ታያለች፤ የመመለሻው ባቡር አይጠብቅም። «ጉም ቀጠሮ የለውም» አለ ሱራፌል። የዘይነባ ከንፈር ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ዱዓ እያደረገች ነው። የመጨረሻ መንገዷ ነዋ። ሌላ ጊዜ እንመጣለን አይባል ነገር። እኔም በሆዴ «እመቤቴ፣ እኔ ልሸነፍ ግድ የለኝም፣ ለእሷ ግለጪላት» አልኩ። ልሸነፍ ብሎ የሚሳል ነጋዴ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔ ነኝ።

ይሄኔ አፍንጫዬን የበቆሎ ሽታ መታው። ከኋላችን አንዲት አሮጊት የተቀቀለ በቆሎ ትሸጣለች። በቆሎ ጾምም ነው፣ ሐላልም ነው፣ ትኩስም ነው! ሄድኩ። ዋጋዋን በጣቷ አሳየችኝ። እኔም በጣቴ ቀነስኩ። ደረቷን ይዛ የተወጋች መሰለች። እኔ የምሄድ መሰልኩ። እሷ ድስቷን የምትከድን መሰለች። ምን ልበላችሁ፣ ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ የሚገባኝ ሰው ያገኘሁት ያኔ ነው!

«ብርቄ!» አለች ዘይነባ ከአጥሩ።

«መጣሁ፣ ልጨርስ!»

«ብርቄ! ድረሽ!»

«አንዴ! ልትቀንስልኝ ነው!»

ቀነሰችልኝ። ሁለት ትኩስ በቆሎ ይዤ እንደ ጀግና ዞርኩ። ነጭ። እንደነበረው ነጭ። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ግን ሁሉ እያጨበጨበ ነው፤ ሱራፌል አፉን ከፍቶ ቀርቷል፤ ዘይነባ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ታለቅሳለች።

አዎ። ተገልጦ ተዘጋ። እኔ በቆሎ ሳስቀንስ። ተራራ ለማየት ባሕር ተሻግሬ፣ በሰው ትከሻ ወጥቼ፣ ልክ በሰዓቱ ጀርባዬን ሰጠሁት። ፎቶስ አትሉኝም? የሱራፌል ስልክ በብርዱ ጠፍቶበታል። ማዳም ሊን ቀርጻለች፤ ግን የቀረጸችው የዘይነባን ፊት ነው። «ተራራውን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ» አለች። አየሁት ቪዲዮውን። መጀመሪያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ከዚያ ዓይኗ ሽቅብ ይሄድ ይሄድና እናቷን መንገድ ላይ ያገኘች ልጅ ትመስላለች። ሌላ ማስረጃ አልጠየቅኩም።

ቁጭ ብለን በቆሎዋን ስትግጥ «በይ፣ ምን ይመስላል?» አልኳት።

«ፔርሙሱን።»

«ይሄን ለመስማት ነው ባሕር የተሻገርኩት?»

«ጥዱ ከታች፣ ጫፉ ከላይ፣ ጉሙ ከወገቡ። ልክ እንደዚያው።» አፏን ጠረገች። «አንድ ነገር ግን ፔርሙሱ ላይ የለም።»

«ምን?»

«ሰው አለበት። ነጩ ለአፍታ ሳሳ ሲል አየሁት። ገደሉ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ከረጢት አንግቦ ላስቲክ ይለቅማል።»

ማዳም ሊንን አስጠየቅኩ። እውነት ነው አለች፤ መንገደኛ ወደ ገደል የሚወረውረውን የሚለቅሙ ሠራተኞች አሉ።

«ጉሙ ውስጥ?» አልኩ። «ማን ያየኛል ብሎ?»

«እኔ አየሁት» አለች ዘይነባ።

እኛ ጋ በጠራራ ፀሐይ፣ ስንት ሰው እያየ፣ የሙዙን ልጣጭ ቱቦ ውስጥ የሚጨምረውን አሰብኩትና አፌን ያዝኩ። የበቆሎዬን ቆረቆንዳ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እስከ ሆቴል ተሸከምኩት።

ስንለያይ ማዳም ሊን «እንግዲህ ወገቡን ልሙላው ወይስ ልተወው?» አለችኝ።

«ተዪው» አልኩ። «ሰውዬው ሥራ ላይ ነው።»

እቃው ገባ። ዘይነባ ሱቁን ለሰዓዳ አስረክባለች፤ ቤት ትቀመጣለች ስንል ጠዋት ጠዋት መጥታ እኔ ሱቅ በር ላይ በርጩማ ስባ ትቀመጣለች። ጉልበቷን ታሻለች፣ የሚያልፈውን ታያለች፣ እኔንም ትጠብቃለች። እጅ ተማትተናላ! ስለ ነጩ ብዬ እንዳልቀንስ ዘብ ቆማብኛለች።

ባለፈው አንዲት እናት ከጎጃም መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ፔርሙሱን አነሱት፣ አገላበጡት፣ ነጩ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይሄስ ለቋል» አሉ። ዘይነባ በርጩማዋ ላይ ቀና አለች።

«አልለቀቀም እማማ» አልኳቸው። «ጉም ነው። እኔም እንደርስዎ ብልሽት ይመስለኝ ነበር።» ብዬ ጀመርኩላቸው። ባቡሩን ነገርኳቸው፣ ቃሬዛውን ነገርኳቸው፣ በቆሎውን እንኳ አልደበቅኩም። ገደሉ ላይ ስለተንጠለጠለው ሰውዬ ስነግራቸው አገጫቸውን ይዘው «ወይ የሰው ልጅ!» አሉ። እኔም ነገሬ እያማረ ሄደ፤ ስንቱን ነገር አገሩን ስላላየን ጎዶሎ ነው እያልን በርካሽ ሸጥነው፣ ስንቱን ሰው ወገብ የለውም ብለን አለፍነው አልኩ። ሱቁ በር ላይ ሰው ቆሞ ሰማኝ። ዘይነባ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ዓይኗ እርጥብ ብሏል። በሕይወቴ እንዲህ አሳምሬ ተናግሬ አላውቅም።

ሴትዮዋ እስኪያልቅ ሰሙኝ። ፔርሙሱን አንዴ አዩት፣ እኔን አንዴ አዩኝ፣ መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩና እንዲህ አሉኝ፦

«ጉም ከሆነማ ልጄ፣ ጉም እኔም አገር ሞልቷል፤ የጉሙን ቀንሺልኝና ተራራውን ስጪኝ!»